ሕግ የፈቀደው ኦክቶፐስ፦ የሲያትሉ ኮቭ 2 ጉዳይ

ዕለቱ ኦክቶበር 31 ቀን 2012 ነው፤ ሃሎዊን የሚባለው የአሜሪካኖች በዓል። ምዕራብ ሲያትል ውስጥ ሲክሬስት ፓርክ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ኮቭ 2 በሚሉት ቦታ፣ ጠላቂዎች እንደ ልማዳቸው መጥተዋል። ከውሃው ሁለት ወጣቶች ወጡ። አንደኛው ገና የ19 ዓመት ልጅ ነው። አንድ ግዙፍ ኦክቶፐስ ይዟል፤ ስምንት እጅ ያለው፣ አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ነው። ክብደቱ 36 ኪሎ ያህል ነው ተብሎ ኋላ ተዘገበ። ውሃ ውስጥ ሲታገለውና በቡጢ ሲነርተው ቆይቶ ነው ያወጣው።

ዳር ላይ የነበሩት ክው አሉ። እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ አሉት። ልጁም ፈቃድ እንዳለው ነገራቸው። እውነቱን ነበር። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ፈቃድ ያወጣ ሰው በቀን አንድ ኦክቶፐስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። ቦታውም የተከለከለ አልነበረም። እነሱ ግን ፎቶ አነሱ። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወሬው ከሲያትል አልፎ አገር ምድሩን አዳረሰ።

እኔ ታሪኩን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እዚያው ዳርቻ ላይ፣ መጥለቅ ካስተማረኝ ሰውዬ። ጨርሶ ሲነግረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የመጣልኝ። ሕጉ ከፈቀደለት ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ሰውዬው አልመለሰልኝም። ማስኩን እያጠበ "መጀመሪያ ግባና ኦክቶፐሷን እያት፤ ከዚያ ትጠይቀኛለህ" አለኝ።

ቦታው

ኮቭ 2 ወሬው ትልቅ ነው እንጂ ቦታው ትንሽ ነው። ኤልየት ቤይ በተባለው ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳር ላይ ያለች እጥፋት ናት። ፊት ለፊት፣ ከውሃው ማዶ፣ የመሀል ሲያትል ፎቆች ይታያሉ። ጎኗ ላይ የውሃ ታክሲ የሚቆምበት መድረክ አለ። ሰው ጠዋት ከዚያ ተሳፍሮ ሥራ ይሄዳል። መድረኩ ላይ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ይቆማሉ። በብርዱ ወራት ማታ ማታ መብራት አብርተው ስኩዊድ የሚባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች ይበዛሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። ከላይ የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ ከታች የሚያዩ ሰዎች አሉ። በመሀላቸው ያለው ጥቂት ሜትር ውሃ ብቻ ነው።

እዚህ ለመጥለቅ ጀልባ አያስፈልግም። መኪናህን ታቆማለህ፣ ትለብሳለህ፣ በእግርህ ትወርዳለህ፣ ገባህ። ለዚህ ነው ቅዳሜና እሑድ ቦታው የሰርግ ቤት የሚመስለው። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ባሕር ላላየን ሰዎች ግን አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ባሕሩ ቦታው ላይ አይቀመጥም። እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይደሉም፤ ጉድለቶቹም እንደዚያው። በቀኑ ከፍተኛ ሙላትና በዝቅተኛው ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጠዋት ከራስህ በላይ ውሃ የነበረበት ቦታ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ ሳር የለበሰ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ሠላሳ ኪሎ የሚያልፍ ዕቃ ተሸክመህ በዚያ ድንጋይ ላይ መራመድ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ጭቃ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ሳልፈልግ ማለቴ ነው። ስለዚህ ሰዉ ከመሄዱ በፊት የሙላትና የጉድለቱን ሰንጠረዥ ያያል። ሲሞላ መግባት ይቀላል።

በሌሎች ቦታዎች ሰንጠረዡ የእግር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታኮማ አጠገብ ዴይስ አይላንድ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ ዲሴፕሽን ፓስ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። እዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው በጠባብ በር ውስጥ እንደ ወንዝ ይሮጣል። ጠላቂ የሚገባው ውሃው ቆም በሚልባት አጭር ጊዜ ነው። ካለፈችው ወንዙ ይዞት ይሄዳል። ኮቭ 2 ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ገራም ነው። ጀማሪ የሚማርበት፣ ማታም የሚገባበት ቦታ የሆነው ለዚህ ነው።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ መሀል ይዋልላል። ቀለሙም ፖስታ ካርድ ላይ እንዳለው ሰማያዊ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ጥቃቅን ዕፅዋት ይበዙበትና ይደፈርሳል። የሚጠራው ሰው ሁሉ ቤቱ በሚከተትበት በብርዱ ወራት ነው። እናቴ በስልክ "ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው በብርድ ውሃ ውስጥ የምትገባው?" ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ይወስዳል። ቼሪ ጎዳና ላይ ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼም ከእናቴ አይለዩም። አንዱ "ኢንሹራንስ አለህ?" ብሎ ነው የጠየቀኝ።

እንስሳው

መጀመሪያ ጥቂት ሜትር ላይ አሸዋ ነው። ትናንሽ ሸርጣኖች ወደ ጎን ይሮጣሉ። ከዚያ መሬቱ ያዘቀዝቃል። ሰው የጣለው ነገር ሁሉ እዚያ ቤት ሆኗል። የሰመጠች ትንሽ ጀልባ አለች። የብረት ምሰሶ ክምር አለ። ምሰሶዎቹ ላይ ነጫጭ የባሕር አበቦች በቅለዋል። አበባ እንላቸዋለን እንጂ እንስሳት ናቸው፤ ሲነኳቸው ይኮማተራሉ። ኦክቶፐሱ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው፤ ጠባብ በር ያለው ጨለማ ጉድጓድ።

ቤቱን የምታውቀው በደጃፉ ነው። የሸርጣን ቅርፊት ተከምሯል። ቁርጥ ቤት ጓሮ እንደተጣለ አጥንት ማለት ነው። ኦክቶፐሱ ማታ ወጥቶ ያድናል፣ ያደነውን ይዞ ይገባል፣ በልቶ ትርፍራፊውን ከበር ይጥላል። ቅርፊቱ አዲስ ከሆነ ባለቤቱ ቤት ነው።

አስተማሪዬ ባትሪውን ወደ ጎን አዘነበለ። በቀጥታ አይበራባትም። ጎንበስ ብዬ ሳይ መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ተነፈሰ። ቆዳዋ እንደ ሸክላ ቀይ ነበር፤ እያየኋት ገረጣ፣ እንደገና ቀላ። ዓይኗ እንደ ፍየል ዓይን አግድም የተሰነጠቀ ነው። አየችኝ። ማየት ስል ዓይኗ ወደ እኔ ዞሮ ነበር ማለቴ ብቻ አይደለም። ዘበኛ መታወቂያ ሲጠይቅ እንደሚያየው ነው ያየችኝ። አንድ እጇን ቀስ አድርጋ ዘረጋች። ጓንቴን ነካች። መጣበቂያዎቿ አንድ በአንድ ያዙ፣ አንድ በአንድ ለቀቁ። በኋላ ነው ያወቅኩት፤ ኦክቶፐስ በእነዚያ መጣበቂያዎች ይቀምሳል። እየቀመሰችኝ ነበር ለካ። አልጣፈጥኳትም መሰለኝ እጇን ሰበሰበች።

ይህ ዝርያ ግዙፉ የፓስፊክ ኦክቶፐስ ይባላል። ከኦክቶፐሶች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ሦስት ልብ አለው፤ ደሙ ሰማያዊ ነው። አጥንት የለውም። ከገላው ውስጥ ጠንካራ ነገር ቢኖር እንደ በቀቀን አፍ ያለው መንቁሩ ነው፤ መንቁሩ ያለፈበት ቀዳዳ ውስጥ ቀሪው ገላ ሁሉ ያልፋል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት። ሴቷ የምትወልደው አንዴ ብቻ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እያንዳንዱ የሩዝ ፍሬ ያህላል። እንደ ወይን ዘለላ ከጉድጓዷ ጣሪያ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ከዚያ ወራት ትቀመጣለች። ውሃ እየነፋች ታጥበዋለች፣ ቆሻሻ ታነሳለታለች። ምግብ አትቀምስም። ሲፈለፈሉ እሷ አልቃለች። ከዚያ ሁሉ ልጅ ለአካለ መጠን የሚደርሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ኦክቶፐስ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ጠላቂው ይለምደዋል። "ዛሬ ከጀልባዋ ሥር አለች?" "አለች፤ ሸርጣን ይዛ ነበር።" ዳርቻው ላይ ሰላምታው ይኸው ነው። እንደ ሰፈር ሰው ነው የሚጠያየቁላት።

ሕጉና ጩኸቱ

የዚያን ቀን ሰውን ያስቆጣው አንዱ ነገር ትግሉ ነው። እንስሳውን በቡጢ መምታት ጭካኔ ሆኖ ታየ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ተናጋሪ የዘለለው አንድ ነገር አለ። ሕጉ ኦክቶፐስን በጦርም ሆነ በሚወጋ ማናቸውም መሣሪያ መያዝ ይከለክላል። ኬሚካል መርጨትም ክልክል ነው። ጠልቆ ለሚገባ ሰው የቀረለት እጁ ወይም የማይወጋ መሣሪያ ነው። እንግዲህ 36 ኪሎ የሚመዝን፣ ስምንት እጅ ያለው፣ ድንጋይ የጨበጠ እንስሳ በእጅ ሲያዝ ምን ሊመስል ነበር? ሰው ያፈረበት ነገር ሕጉ ራሱ የተወለት መንገድ ነው።

ነገሩ ለዚያ አገርም እንግዳ አልነበረም። በ1960ዎቹ እዚያው ፒውጀት ሳውንድ በተባለው የሲያትል ባሕር ውስጥ የኦክቶፐስ ትግል ውድድር ይደረግ ነበር። በ1963 ታኮማ ውስጥ ቲትሎው በተባለ ዳርቻ ጠላቂዎች እየገቡ ኦክቶፐስ እየጎተቱ ያወጡ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ ያይ ነበር። ያኔ ጀግንነት ነው። የእኛም አገር አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ የሚፎክርለት፣ የሚዘፈንለት ነበረ፤ ዛሬ አንበሳ ገድሎ ሰፈር የሚገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት ገምቱ። ልጁ ትልቁን ኦክቶፐስ ይዞ ሲወጣ የቆመው በአያቶቹ ዘመን ነበር። ዳር ላይ የጠበቁት ሰዎች ደግሞ በሌላ ዘመን።

ልጁ ምን አለ? ለኮሌጅ የሥዕል ትምህርቱ ከተፈጥሮ አንድ ነገር እንዲስል ታዝዞ ነበር። ሊስለው፣ ከዚያም ሊበላው ነው የያዘው። ይህን ያህል የሚወደድ መሆኑን ቢያውቅ እንደማያደርገውም ተናገረ። አልተሰማለትም። ስድቡና ዛቻው ወረደበት። የመጥለቂያ ዕቃ ሱቆችም በር ዘጉበት። እኔ እዚህ ላይ ከጠላቂዎቹ ጋር አይደለሁም። ሕግ ጠብቆ፣ ፈቃድ አውጥቶ የመጣን የ19 ዓመት ልጅ እንደ ወንጀለኛ ማሳደድ ነውር ነው። እሱን የሰደበው ሰው ስንቱ ነው የዚያን ማታ ሸርጣን የበላው? ኦክቶፐሷ ራሷ ሸርጣን አይደል የምትበላው?

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ከተቆጡት ጠላቂዎች ብዙዎቹ ቦታው የተጠበቀ ይመስላቸው ነበር። ምክንያት አላቸው። ከሲያትል ወደ ሰሜን ኤድመንድስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ በ1970 የተከለለ የውሃ ውስጥ ፓርክ አለ። ከውስጡ ምንም አይወሰድም። ዓሣዎቹ ያስፈራሉ፤ እንዲህ ነው የገዘፉት። ኮቭ 2 ደግሞ በየሳምንቱ ሰው የሚሞላው፣ ልጆች የሚማሩበት ቦታ ነው። እዚህ ማን ያድናል ብለው ነው መሰለኝ፣ ሕጉን ገልጦ ያየ አልነበረም። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ተቀምጧል። ልጁ ብቻ ነው ሕጉን አንብቦ የመጣው።

ክርክሩ

ጠላቂዎቹ ፊርማ አሰባሰቡ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈረመ። ጉዳዩ ወደ ዋሽንግተን የዓሣና የዱር አራዊት ኮሚሽን ሄደ። ይህ ኮሚሽን ነው በስቴቱ ውስጥ ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚጠመድ የሚወስነው።

ሁሉም የጠበቀው የተለመደውን ነበር። ባለሙያ ይመጣል፣ እንስሳው ሊጠፋ ነው ይላል፣ ይከለከላል። ባለሙያዎቹ ግን ያንን አላሉም። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የኦክቶፐሱ ቁጥር አደጋ ላይ ነው የሚል ማስረጃ እንደሌላቸው በግልጽ ተናገሩ። ቶሎ የሚያድግ፣ ብዙ የሚወልድ እንስሳ ነው። የሚያድነውም ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ቢወሰድ ጉድጓዱ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ይገባበታል።

ነገሩ እዚህ ላይ ከበደ። እንስሳው ካልጠፋ በምን ምክንያት ይከልከል? የሕዝብ ስብሰባ ተጠራ። አማራጮች ቀረቡ። አንዱ እንዳለ ይቀመጥ የሚል ነው። አንዱ በፒውጀት ሳውንድ ሁሉ ይከልከል የሚል። ሌላው ደግሞ ጠላቂ የሚበዛባቸው ቦታዎች ብቻ ይለዩ የሚል። ጠላቂዎቹ ራሳቸው አንድ ልብ አልነበሩም። ዓሣና ሸርጣን የሚያድኑ ጠላቂዎች አሉ። እነሱ ዛሬ ኦክቶፐስ፣ ነገ ሸርጣን፣ ከነገ ወዲያ ባሕሩ በሙሉ ሊዘጋብን ነው ብለው ሰጉ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

ይህን ክርክር ስሰማ ወደ አእምሮዬ የመጣው የደብራችን ግቢ ነው። ጎጃምም ሆነ ጎንደር የሄደ ያውቀዋል። ሜዳው ተጠርጎ ታርሷል። በመሀሉ አንድ ክብ ደን ቆሟል፤ ቤተ ክርስቲያን አለበት ማለት ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው እዚያ ቆሟል። ያ ወይራ ብርቅ ስለሆነ አይደለም የማይቆረጠው። ከግቢው ውጪ ያለውን ያው ገበሬ ቆርጦ ሞፈር ያደርገዋል፤ ማንም ምንም አይለውም። ግቢው ውስጥ ያለውን ግን ቅርንጫፉን አይነካም። የሚጠበቀው ዛፉ አይደለም፤ ቦታው ነው። ይህን ለማስረዳት ስለ ወይራ ቁጥር የሚናገር ባለሙያ ያስፈለገው ሰው አላውቅም።

ኮሚሽኑም ዞሮ ዞሮ የደረሰው እዚያ ነው። በኦገስት 2013 ወሰነ። በሰባት ቦታዎች ኦክቶፐስ ማውጣት ተከለከለ። ሲያትል ውስጥ ኮቭ 2 እና አልካይ ዳርቻ ላይ ጠላቂዎች ጃንክ ያርድ የሚሉት ቦታ፤ ከከተማው ወደ ደቡብ ሬዶንዶና ስሪ ትሪ ፖይንት፤ ታኮማ ውስጥ ሌስ ዴቪስ፣ አጠገቧም ዴይስ አይላንድ፤ ወደ ሰሜን ደግሞ ዲሴፕሽን ፓስ። ሕጉ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ከሃሎዊኑ ቀን አንድ ዓመት አልሞላውም።

ምክንያቱ ሲጻፍ እንስሳው ሊጠፋ ነው አልተባለም። ሰው ሊያየው ስለሚመጣ ነው የተባለው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ስንት ጊዜ ነው አንድን ነገር ለማዳን ሊያልቅ ነው ብለን የምናጋንነው? እዚህ ማንም አልዋሸም። ብዙ ነው፤ ግን እዚህ ያለውን ተዉልን፤ ይኼው ነው።

ቀሪው ባሕር እንዳለ ቀረ። ውሳኔው ሲጸድቅ ከሰባቱ ቦታዎችና ቀድሞ ከተከለከሉት ውጪ በቀን አንድ ኦክቶፐስ መያዝ ክልክል አልሆነም። አንዳንድ ጠላቂዎች በዚህ ተከፍተዋል። እኔ ልክ ነው እላለሁ። የሚበላም ሰው አለ። እኛ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አንበላም ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ለእኛ ኦክቶፐስን መተው ቀላል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሰባት ትውልድ የኖረ ሰው ግን ሌላ ሆድ አለው።

ከክልከላው በኋላ

ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት በዚያው መጸው ሌላ ነገር መጣ። ኮከብ ዓሣዎቹ መሟሟት ጀመሩ። ማጋነን አይደለም። እጃቸው ይጠማዘዛል፣ ቁስል ያወጣሉ፣ እጃቸው እየተገነጠለ ብቻውን ይሄዳል፣ ከዚያ ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ የጠለቁ ሰዎች ሲናገሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። ከሁሉ የተጎዳው ከሃያ በላይ እጅ ያለው፣ ወርዱ እስከ አንድ ሜትር የሚደርሰው የሱፍ አበባ ኮከብ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ከ90 በመቶ በላዩ አለቀ። ገዳዩ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ገና በ2025 ነው። ለዚህ ኮሚሽን ቢሰበሰብ ምን ያደርጋል? ባክቴሪያ ፈቃድ አያወጣ።

እኔ ኮቭ 2ን ያወቅኩት እነሱ ካለቁ በኋላ ነው። አስተማሪዬ ምሰሶዎቹ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ባዶ አሸዋ ላይ ባትሪውን ያበራል። ምንም የለበትም። ድሮ እዚያ ይተኙ ነበር።

ኦክቶፐሶቹ ግን አሉ። ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ ማታ ሁለት አየን። አንደኛዋ ከጀልባዋ ሥር ጥጓ ውስጥ ነበረች። እኛ ስንደርስ ሌሎች ሁለት ጠላቂዎች ቀድመውን ቆመዋል። ባትሪያቸውን ወደ አሸዋው አዙረዋል። አንዱ በእጁ ቆዩ አለን፤ ተራ መሆኑ ነው። ውሃ ውስጥ፣ በ9 ዲግሪ ብርድ፣ አንድ ኦክቶፐስ ለማየት ወረፋ ያዝን። ወረፋ እዚህም አልቀረልኝም ብዬ አየር በምስብበት ሬጉሌተሬ ውስጥ ሳቅሁ፤ ማስኬ ውሃ ገባበት።

ተራችን ሲደርስ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር። ብዙ ቆየን፤ አልዞረችም። አየሬም እያለቀ ነበርና ተመለስን።

ስንወጣ ባሕሩ ጎድሎ ነበር። ድንጋዩ ያንሸራትታል። መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ስኩዊድ ያጠምዳሉ። ባልዲያቸው ግማሽ ደርሷል። ዕቃዬን አውርጄ ስቀመጥ ከላይ ሆነው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

"ትልቋ አለች?"

"አለች፣ አባባ" አልኳቸው፤ በአማርኛ ነው ያመለጠኝ። እሳቸውም በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ነገር ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ክራቸውን መልሰው ጣሉ።